የጋሽ መኩሪያ አዝማች

በንፋስ ስልክ ላፍቶና በአካባቢው ለምትገኙ፣ ጆሮ ለተፈጠረላችሁ ሁሉ! የእድራችን ሊቀ ተናጋሪ፣ የድንኳን ማይክ ባለሙሉ ሥልጣን፣ የኮንዶሚኒየሙ የደረጃ አምፖል በተቃጠለ ቁጥር ታሪካዊ መግለጫ የሚሰጡት ክቡር ጋሽ መኩሪያ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ዛሬም እየተናገሩ ናቸው። ሰፊው ሕዝብ ይህንን ተገንዝቦ ከስብሰባ በፊት ምሳውን ይብላ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው።

ጋሽ መኩሪያን ያባባሳቸው ግን ሚኪ ነው። ሚኪ ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ይኖራል፤ በየሠርጉ ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ቀን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በተደገሰ ሠርግ ላይ አጠገቡ መጥተው፣ ጥሬ ሥጋውን ሲያላምጥ የቆየው ሕዝብ ዘፈኑ አንድ ቦታ ሲደርስ ለምን አብሮ እንደሚጮህ ጠየቁት። ሚኪም አዝማቹ ስለሆነ ነው፣ እየተመላለሰ ስለሚመጣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ብሎ አስረዳቸው። ምነው በዚያች ሰዓት አፉ በተያዘ!

ከዚያ ወዲያ በዓለም ላይ አዝማች የሌለው ነገር ጠፋ። ታክሲ ላይ ረዳቱ «ለቡ፣ ለቡ፣ ለቡ» ሲል አዝማች ነው። ኮሚቴው «በሂደት ላይ ነው» ሲል አዝማች ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ትሩፋት «ኧረ ይበቃል» ሲሏቸው፣ ይቺኛዋ የቤታችን አዝማች ናት ብለው ለእንግዳ ያስተዋውቃሉ። አዝማች የሌለው ንግግር በር የሌለው ቤት ነው፤ አድማጭ በየት በኩል ይግባ? ይላሉ። ስለ ቆሻሻ በተጠራ ስብሰባ ላይ «ቆሻሻው የኛ ነው!» እያሉ ነዋሪውን አዝማች አስቀበሉት። ሕዝቡ ጮኸ፣ አጨበጨበ፣ ተበተነ። ቆሻሻው እስካሁን የኛ ነው።

ሚኪ ይህንን ሁሉ እየቀዳ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር፤ ሊያገባት የቆረጠላት የሲና ነገር እስኪመጣ ድረስ።

የሲና አባት አቶ ሮበሌ ለቡ መብራት ኃይል ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ስለጨረሱ ንግግርን እንደ ነዳጅ ይቆጥባሉ። የሚኪን ሽማግሌዎች ሁለቴ መልሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ፣ ኪቦርድ መነካካት ሥራ ነው ወይ? ሲሉ ጠይቀው፣ ሦስተኛ ከመጣችሁ በኋላ ግን አራተኛ የለም አሉ። ሲናም ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት እንደማትወጣ ለሚኪ ቁርጡን ነግራዋለች።

ለሦስተኛ ጊዜ በሚኬድበት ቀን ጠዋት ዋናው ሽማግሌ፣ የሚኪ አጎት፣ ደም ግፊታቸው ከፍ አለና ተኙ። የቀሩት ባለሱቁ ጀማሉዲንና ቁጥር እንዲሞላ የተጨመሩት ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ጀማሉዲን ከስኳር ዋጋ በስተቀር ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

«ጋሽ መኩሪያ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ» አለ መንገድ ላይ። «ዛሬ አጭር። ዛሬ አዝማች የለም።»

«አንተ ስኳርህን መዝን» አሉት።

ሚኪ አጥሩ ጥግ በቆመች ታክሲ ውስጥ ቀረ። ሲና ስልኳን ከፍታ ሳሎን መስኮት ላይ አስቀምጣ ስለነበር ሁሉንም ይሰማል። የጋሽ መኩሪያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሲሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ቃሉ ተቀባይነት እስኪያገኝ አይቀመጥም፤ ተቀመጡ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

«ልጃችሁ ሙዚቀኛ ነው አላችሁን፤ ነው፣ አንደብቅም። ይኸው ቆመናል» ብለው ጀመሩ።

ሚኪ ግንባሩን ከፊቱ ወንበር ጋር አጋጨ።

«ሂዱ አላችሁን፤ ሄድን። ተመልሰን፣ ይኸው ቆመናል። ጉልበቴን ሪህ ይዞኛል፣ ጀማሉዲን ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ይኸው ቆመናል።»

ከውስጥ የሲና አክስት አሰገደች «ቆመዋል እኮ» ስትል ተሰማች። ቀጥሎ ሌላ ሴት፣ ቀጥሎ ሳሎኑ በሙሉ። አዝማቹ ሲመጣ ጀማሉዲን እንኳን የስኳር ድምፁን አውጥቶ ተቀበለ። ያልተቀበሉት አባትየው ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አቶ ሮበሌ፣ እርስዎን የሚያስጨንቅዎ ኪቦርዱ አይደለም። ልጄ ቢከፋት በዚያ ቤት ማን ይደርስላታል ብለው ነው። እውነትዎን ነው። እኔ ፎቅ ወርጄ እደርስላታለሁ። ትሩፋት ከእኔ ቀድማ ትደርስላታለች።»

 አዝማች ካወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዝማቹን ሳይሉት ተዉት። ሳሎኑ አፉን ከፍቶ ቀረ።  ባዶ ቦታው እየሰፋ፣ እየሰፋ ሄደ፤ ማንም ሊሞላው አልደፈረም።

«ቆማችኋል» አሉ አቶ ሮበሌ በመጨረሻ። አንዴ ሳል አድርገው ጨመሩ፦ «ተቀመጡ እንግዲህ።»

በሠርጉ ዕለት ጋሽ መኩሪያ የተናገሩት ወጡ እስኪረጋ ድረስ ነበር። ሙሽራው ራሱ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ከሥር ከሥር አጀባቸው፤ «ኧረ ዝም አስብሏቸው» ላለው ሚዜው የመለሰለትን ቃል እዚህ መጻፍ ነውር ነው። ከዚያ ወዲህ ሚኪ ጋሽ መኩሪያን እየቀዳ አያስቅም። ሌላው ሲያስቅ ደግሞ ተነስቶ ይወጣል።

እናንተም በየሰፈራችሁ አንድ መኩሪያ አይጠፋችሁም። በሚቀጥለው እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ ኮታቸውን አስተካክለው ሲነሱ፣ ወንበር እየጎተታችሁ ወደ በሩ ከመሹለክለካችሁ በፊት፣ እባካችሁ አዝማቹን አንድ ጊዜ ብቻ…