ጣቶቹ የቀሩበት ተራራ

እኛ ላስቶች ተራራ የምንወጣው ጉዳይ ሲኖረን ነው። ታቦት ይኖራል፣ ሰርግ ይኖራል፣ የጠፋ በሬ ይኖራል። ለመውጣት ብቻ የሚወጣ ሰው ካያችሁ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ፈረንጁን የሚያስጎበኝ እንደ እኔ ያለ ምስኪን። ከላሊበላ ተራራው አናት ላይ እስካለችው አሸተን ማርያም ስመላለስ ጉልበቴ አለቀ፤ እስከ ዛሬ ግን አንድም ሰው "ተራራ ወጪ" ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ሚስቴ የምትጠራኝን እዚህ አልጽፈውም።

እንግዳ በጠፋበት በዚህ ዘመን አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ መጣ። የኤቨረስትን ጫፍ የረገጠ፣ አገሩ ሜዳልያ ያጠለቀችለት፣ ወጣቶችን ተራራ መውጣት ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በቅሎ ላስመጣልህ ብለው አሻፈረኝ አለ። ያዘንኩት ለእሱ አይደለም። በቅሎዋ ብትኖር ዳገቱ ላይ ጭራዋን እይዝ ነበር።

እሱ ቀስ እያለ ወጣ፤ እኔ እያለከለክሁ ተከተልኩ። መንገድ ላይ እንደነገረኝ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ተራራ ከልክሎታል። ዕድሜውን ሙሉ የወጣባቸው ጫፎች ላይ በረዶና ነፋስ እንጂ የጠበቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ተራራ አናቱ ላይ የሚገባበት በር ያለው እንዲሆን ፈልጓል። ይህን ሲል ድምፁ ከእኔ ጉልበት ይበልጥ ደክሞ ነበር።

አሸተን ማርያም በር ላይ ደረስን። መቼም በጫማ እንደማይገባ ታውቃላችሁ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያዘ፤ አልፈታውም። "አንተ ግባ፣ እኔ እዚሁ ልቀመጥ" አለኝ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ደጃፍ ላይ!

የደብሩ ቄስ አባ ተክሌ ቀረብ አሉ። "ንገራቸው እንጂ ልጄ፤ ድንጋዩን ፀሐይ መትቶታል፣ አይበርዳቸውም።"

ተረጎምኩ። አመነታና አወለቀ፤ ካልሲውንም ጭምር። ቀኝ እግሩ ጣት የለውም፤ ግራውም የቀረው ጥቂት ነው። ያፈረው ለካ በዚህ ነው።

"ምን አገኛቸው?" አሉ አባ።

"ጣቶቼን በረዶ ወሰዳቸው፤ ተራራው ላይ" አለ።

አባ ትክ ብለው አዩት። "ስለት ነበረባቸው በለኛ!" አሉኝ። ያለ ስለት ጣቱን ለተራራ የሚሰጥ ሰው መኖሩን ለእሳቸው ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። "አዎ" አልኳቸው።

ያን ጊዜ ወገባቸውን ይዘው ዝቅ አሉና መስቀላቸውን እግሩ ላይ አሳረፉ። ክንዱን ይዘው ሊያስገቡት ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። "እስቲ ጠይቅልኝ፤ ስለታቸው ሰመረላቸው?"

ይህን ከመተርጎም ሌላ ዳገት ብወጣ ይሻለኝ ነበር። የራሴው "አዎ" ያመጣብኝ ስለሆነ ግን ተረጎምኩት። ሜዳልያ ያጠለቁለት ሁሉ ይህን ጠይቀውት አያውቁም መሰለኝ። ሰውዬው በባዶ እግሩ ደፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ ልግባ" አለ።

ገባ። እኔ ጉልበቴን እያሸሁ ጫማውን ስጠብቅ ቆየሁ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አባ መልሱን ፈልገው እኔን አዩኝ። አልጠየቅሁትም። ደክሞኛል ብያችኋለሁ፤ ጫማውን አቀበልኩትና ወረድን።