ረዥሙን ቀይ ሞተር የመረጥኩ ጊዜ

ሰው ሞተር ሲመርጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ቀለሙን ያያል። ቀጥሎ መቀመጫውን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። በመጨረሻ መሪውን ይዞ ፊቱን በመስተዋቱ ያያል። ፊቱ ካማረው መረጠ ማለት ነው። አትሳቁበት። እኔ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ሞተር ነድቼ አላውቅም። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከኋላ ተቀምጬ ግን ከቆቦ ሮቢት ሄጃለሁ። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ ሳልጨርስ ደረስን። ስለዚህ ትንሽ የማውቀው አለ።

ነገሩ የሆነው አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ ነው። ልጄ ትርንጎ የከብት ክትባት ተምራ እዚሁ ቆቦ ሥራ ያዘች። አባቷ ካረፈ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ትርንጎ አጭር ናት። ምን ያህል አጭር? የቀበሌ ስብሰባ ላይ ለመናገር ስትነሳ ሰብሳቢው፣ «እዚያ ጋ የተቀመጠችው ጓድ፣ ተነሺና ተናገሪ» ይላታል። እሷ እኮ ቆማለች።

ሥራ በጀመረች በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ጠራት። ከብቱ ያለው ከዋጃ ወዲያ ቆላው ውስጥ ተበትኖ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ፀሐይ አይወድም፤ በእግር የሚሆን ሥራ አይደለም አላት። ሁለት ሞተር መጥቷል። ከፋሲካ በኋላ የጎሊናን ወንዝ አሸዋ ተሻግራ ተመልሳ ትፈተናለች። ካለፈች ቆቦ ትቀራለች። ካላለፈች በበቅሎ የሚሠራበት ደጋ ትመደባለች። ቅጣት አይደለም፣ ምደባ ነው አላት። ሰውየው ክፉ አልነበረም።

ደጋው መልካም አገር ነው። እህሉም ውሃውም አይነቀፍም። ግን እኔ የለሁበትም። እዚያ ከሄደች በዓመት ስንቴ ነው የማያት? ማታ ገብታ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ስታራግፍ ካልሰማሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴት ነኝ። ልጄ አጠገቤ ከቀረች ጥላ አስገባለሁ ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። ቀጥሎ ነጠላዬን አጣፋሁና ከልጄ ጋር ሞተር መረጣ ሄድኩ።

አንቺን ማን ጠራሽ ትሉኝ ይሆናል። አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ከእሱ ሥር ሥር እያልኩ ነው ያደግሁት። ቆቦ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው፣ «እትዬ የሺን ጥሩልኝ» ይል ነበር። እንዲያውም እኔ ሳላያት በቅሎ የገዛ ሰው ሲያልፍ ሰላምታዬ ትንሽ ይቀዘቅዛል። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የእኛ የራያ ቆላ በቅሎ ደግሞ ረዥም መሆን አለባት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ድንገት ይደርሳል። በአጭር በቅሎ የተቀመጠ ሰው እስከ ታፋው ይርሳል። ከመራሱም በላይ ሳቁ አለ። እግሩ መሬት የሚነካ ጋላቢ ካዩ፣ «እግርህን አንሳ እንጂ፣ መንገዱን አረስከው!» ይሉታል። አንድ ሰው ይህ ከደረሰበት በኋላ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አላለፈም።

ይህን ሁሉ ይዤ ነው እንግዲህ ግምጃ ቤቱ ግቢ የገባሁት።

ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ይማም ነው። ይማም ድሮ የግመል ነጋዴ ነበር፤ ጉልበቱን ሲያመው ቁልፍ ያዘ። ምላሱን ግን አላመመውም። እንዳየኝ፣ «እትዬ የሺ፣ ጥርሱን ላሳይሽ?» አለ። ሁለቱን ሞተሮች ጎን ለጎን አቆመልኝ፤ ዞር ዞር እያልኩ አየሁ።

አንደኛው ቀይ ነው። አዲስ። ደረቱ ወጣ ያለ፣ ሆዱ ከመሬት የራቀ፣ የኋላ ጭቃ መከላከያው እንደ ጅራት ቀና ያለ። ሁለተኛው ቢጫ ነው። ዝቅ ያለ፣ እዚህም እዚያም የተፋቀ፣ ከሌላ ወረዳ ሠርቶ የመጣ። አጠገባቸው መላኩ ቆሟል። መላኩ ከትርንጎ ጋር የተቀጠረ፣ ሌላውን ሞተር የሚወስድ ልጅ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረዥም። ጨዋ ስለሆነ፣ «እህቴ ትምረጥ፣ እኔ የቀረውን እወስዳለሁ» አለ።

«ቀዩን» አልኩ። ትርንጎ ዓይኗ በራ። የልቧን ነበር የተናገርኩላት።

ይማም ብቻ አገጩን አከከ። «ትቀመጥበትና እንይ እንጂ» አለ።

ግቢው በወንድ ተሞልቷል። ልጄ ቀሚስ ለብሳለች። «በቀሚስ?» አልኩት። እሱም አፈረ፣ እኔም ኮራሁ። ትርንጎ ፈረመች። የመንግሥት ንብረት ደግሞ አንዴ ከፈረሙበት በዋዛ አይለወጥም።

በማግሥቱ ካኪ ሱሪ ተውሳ ወጣችበት። ይማም ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ደገፍናት። ቁልቁል አየሁ። ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ ናቸው። ወደ አንድ ጎን ዘንበል ስትል የጣቷ ጫፍ መሬት ይነካል፤ ሞተሩም አብሯት ዘንበል ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም አይመለሱም። ይማም ቀልዱን ተወ። ይማም ቀልድ ከተወ ነገሩ ከባድ ነው።

ተስፋ ቆረጥን? አልቆረጥንም። መጀመሪያ ጫማ ሰፊው ዘንድ ሄደን በረባሶዋን በሦስት ድርብ ጎማ አስደረብነው። እግሯ መሬት ነካ። ግን ጎማው ስለወፈረ ከሥሩ ያለው ነገር አይታወቃትም። ማርሽ የረገጠች መስሏት የይማምን እግር ረገጠች። ያውም የሚያመውን።

ቀጥሎ የመቀመጫው ስፖንጅ ይቀነስ አልኩ። ይማም፣ «እሱን ስቆርጥ እኔን ይቆርጡኛል» አለ።

በመጨረሻ የአባቴ ዘዴ ትዝ አለኝ። ረዥም በቅሎ ላይ የሚወጣው በድንጋይ ነው። ደጃፌ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተከልኩ። ትርንጎ ድንጋዩ አጠገብ ስትቆም እግሯን ታሳርፍበታለች፤ ስትነሳም ከእሱ ላይ ትነሳለች። ሠራ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ሌላ ድንጋይ ተተከለ። ልምምዷን እያየ የሚያዝን ሰው ብዙ ነውና፣ እስከ ዋጃ ድረስ በመንገዱ ያሉ ቤቶች እየተከሉ ሄዱ። ክርስቲያኑም እስላሙም ተከለ። አንዷ ሴትዮ፣ «የጎረቤቴ ድንጋይ ላይ ቆመሽ የእኔን ምነው ዘለልሽው?» ብላ ተቀየመቻት። ልጄ በመንገዱ ሁሉ ማረፊያ ያላት ትልቅ ሰው ሆነች። እኔም በምርጫዬ መኩራቴን ቀጠልኩ።

ፋሲካ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ወንዙን ትሞክረው ብለን ወረድን። ጎሊና ያኔ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነው። እኔና ይማም ዳር ቆምን። ትርንጎ ገባች። መሀል ስትደርስ የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፣ ሞተሩ ጠፋ። እግሯን ዘረጋች። ድንጋይ የለም። ቀዩ ሞተር ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ ይዟት ወደቀ።

እግዚአብሔር ይመስገን አልተጎዳችም። ተነሳች። ሞተሩን ለማንሳት ሞከረች። አልተነሳም። ደግማ ሞከረች። እኔ ልሮጥ ስል ይማም ነጠላዬን ያዘ፤ በፈተናው ቀን ማን ይሮጥላታል አለኝ። ሦስተኛ ሞከረችና ተወችው። አጠገቡ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። አሸዋውን ከፀጉሯ እያራገፈች ወደ እኔ አየች።

«እማዬ፣ ጋቢ አዘጋጂልኝ» አለች። «ደጋው ይበርዳል።»

እሷ ልታስቀኝ ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ይማም ነው የተናገረው። «እትዬ የሺ፣ ግመልን የሚያህል ትዕቢተኛ አለ? እሱ እንኳ ሰው ሊወጣበት ሲል ይንበረከካል። ይሄ መንበርከክ አያውቅም። ስለዚህ ተንበርክኮ የተሠራውን መውሰድ ነው።»

«እግሯ መሬት የሚነካውን?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሱ አሳፈረኝ።

«በቅሎ ስትቆም የምትቆመው በራሷ እግር ነው» አለ። «ሞተር ሲቆም የሚቆመው በልጅሽ እግር ነው። በቅሎ አይተሽ ታውቂያለሽ፣ ሁለት እግር ያላት?»

ስንት ዘመን በቅሎ መርጫለሁ። እግሯ አራት መሆኑን ቆጥሬ አላውቅም።

ከዚያ መላኩን ፍለጋ ሄድን። ከመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ተቀምጦ ጉልበቱን ቅባት ሲቀባ አገኘነው። በቢጫው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመሪው በላይ ይወጣል፤ መሪውን ባዞረ ቁጥር ጉልበቱን ይመታዋል። የሮቢት ሰዎች ፌንጣ ብለው ስም አውጥተውለታል። እንለዋወጥ ስንለው ዓይኑ እንባ ያዘ።

«እትዬ፣ ከወሰድኩት ቀን ጀምሮ ልለምናችሁ ፈልጌ ነበር» አለ። «የሴት ልጅ አዲስ ሞተር ቀማ ይሉኛል ብዬ ነው።»

ትርንጎም አልጠየቀችም፤ መርጣ አቃታት እንዳትባል። እኔም አልጠየቅኩም፤ የእኔስ ምክንያት ግልጽ ነው። ሦስት ሰው በሦስት ኩራት ተቀምጠን ሁለት ሞተር አሰቃየን።

የቀረው ኃላፊው ነው። የተፈረመ ንብረት ነው፣ ለመለወጥ ምክንያት ያስፈልጋል አለ። ምን ልበል? «ጓድ ኃላፊ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «በቅሎ መስሎኝ ነው።» ሰውየው ሊቆጣ ከንፈሩን ገጠመ፤ ግን አልቻለም፣ ሳቁ አመለጠው። ፊርማውን ሰርዞ ሌላ አስፈረማቸው። በምክንያት ቦታው ላይ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የፈተናው ቀን ወንዙ ዳር ሰው ሞልቷል። በዚያ ሳምንት ጎርፍ ወርዶ ስለነበር አሸዋው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ነው። መላኩ በቀዩ ገባ፤ ወንዙን ያየው አይመስለኝም፣ አለፈ። ትርንጎ ተከተለች። መሀል ስትደርስ እዚያችው ቦታ ሞተሩ ጠፋ። እኔ ነጠላዬን ነከስኩ።

ትርንጎ ሁለት እግሯን አሸዋው ላይ አሳረፈች። በቃ። እንደ ሰው ቆመች። ረግጣ አስነሳችው፣ በግራ እጇ የጨበጠችውን ፍሪሲዮን ቀስ አድርጋ ለቀቀችው፣ በእግሮቿ አሸዋውን እየገፋች ወጣች። ከወዲያ ማዶ፣ «መንገዱን አረስሽው!» ያለ ሰው ነበር። ትርንጎ፣ «ዝራበት እንግዲህ!» አለችው። ስትመለስ አንዴ ወደቀች። ማንም ሳይነካላት አንስታው መጣች። አለፈች።

ጥላውን አስገባሁ።

ድንጋዮቹስ? እነሱማ አሉ። ትርንጎ አሁን አያስፈልጓትም። ግን ሳትቆም ብታልፍ የተከለው ሰው ይቀየማል። ስለዚህ በየድንጋዩ ትቆማለች፣ እግሯን ለአክብሮት ታስቀምጥበታለች፣ የቤቱን ሰው ጤና ትጠይቃለች። የታመመ ከብት ካለም በዚያው ታያለች። ዋጃ ለመድረስ እኩለ ቀን ይሆንባታል።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የመጣው። ያቺ ቢጫ ሞተር ከእግሯ ጋር ከተስማማች ወዲህ ልጄ ቤት አትገኝም። ማለዳ ትወጣለች። ዛሬ ሮቢት፣ ነገ ዋጃ፣ ከነገ ወዲያ ስሙን የማላውቀው ቆላ። ክትባት ሲበዛ እዚያው ታድራለች። በእሷ ፈንታ ደጋ የተመደበው ልጅ በየበዓሉ እየመጣ ሳምንት ሙሉ ከእናቱ ጋር ይቀመጣል። እናቱን ቤተ ክርስቲያን ባገኘኋት ቁጥር ወፍራ ነው የማያት። አንድ ቀን ያስገባሁትን ጥላ እያየሁ ማርያምን፣ እመቤቴ፣ አጠገቤ ያልኩት ሳይብራራ ቀርቶ ይሆን እንዴ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ማማረሬ አይደለም። ደጃፌ ላይ የተከልኩት ድንጋይም አልባከነም፤ አመሻሽ ላይ የሞተሩን ድምፅ የምጠብቀው እሱ ላይ ተቀምጬ ነው።

በቀደም ጎረቤቴ አያ ካሳ መጣ። የእሱም ልጅ አጭር ናት፤ እሷም የመስክ ሥራ ይዛ ሞተር ምረጪ ተብላለች። «አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ሱሪ ለብሳ ትሂድ። ሰው ቢበዛም ትቀመጥበት። ሁለቱም እግሮቿ መሬት መንካት አለባቸው፤ ተረከዟ ባይነካ የፊት እግሯ ይንካ። ከዚያ ሞተሩን መሬት ላይ አስተኝታ ብቻዋን ታንሳው፤ ካልተነሳላት የእሷ አይደለም። ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ እንጂ ዘሎ የሚነሳ አይሁን። ያረጀና የተፋቀ ከሆነ እሰየው፤ ብትወድቅበት የሚያዝን የለም። ቀለሙን ደግሞ ጨርሳ አትይ።

አያ ካሳ አመስግኖኝ ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ጠራሁት።

«አያ ካሳ፣ ማታ ማታ ከልጅህ ጋር አብረህ ራት መብላት ትወዳለህ?»

«ምን ጥያቄ ነው? እንዴታ» አለ።

«እንግዲያው» አልኩት፣ «ረዥሙን ቀይ ምረጥላት።»