ጠላት ሌላ፣ ባላጋራ ሌላ

በዚህ አገር የራሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሌለው ቀበሌ የለም። መብራት የሌለው አለ፤ ቧንቧ የሌለው ሞልቷል፤ ሐኪም አይቶ የማያውቅም አይጠፋም። ራዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ የዓለምን መንግሥታት የሚያስታርቅ፣ የሚያፋታ፣ ሲያሰኘውም የሚያዋጋ ሰው የሌለው ግን አንድም የለም። ሹመቱን የሚሰጠው አይታወቅም፤ የሚሽረውም የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸ የሚሽረው ማጣቱ ነው።

የእኛ የሰቆጣዎቹ ሚኒስትር ክቡር አያ ደጅይጥኑ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ግንብ ሥር ያለች አንዲት ድንጋይ ናት። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጡባታል፤ በጎማ የታሰረች፣ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለች ራዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ሰው ይሰበሰባል። ከእኔ ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ስኳሩን ረስቶ ወደ እሳቸው ይሻገራል።

ራዲዮ እኔም አለኝ። ያውም ከደሴ ያስመጣሁት፣ ካሴት የሚያጫውት፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ያለው። ደፉ ላይ አውጥቼ እስከ ጥግ ስከፍተው ከማዶ "ኧረ ቀንሰው ፋንታሁን፤ አያ የሚሉትን አልሰማንም!" ይሉኛል። ያንኑ ዜና ነው እኮ! ያው ጋዜጠኛ፣ ያው ቃል። ከእኔ ራዲዮ ሲወጣ ጩኸት፣ ከእሳቸው ሲወጣ ዜና ይሆናል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ደግሞ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ የሚገዙት ከእኔ መሆኑ ነው። ሲደክምባቸው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ ጨርሶ ሲሞት ይመጡና "አንተ ባለሱቅ፣ ጠንካራ ጠንካራውን ምረጥልኝ፤ የዓለም ነገር ከብዷል" ይላሉ። በገዛ ድንጋዬ ነው የሚያሸንፉኝ።

በዕውቀት ቢበልጡኝ ባልከፋኝ። ክቡርነታቸው ግን ተመድን ሰው አድርገውት ነው የሚኖሩት። ዜናው "ተመድ ሁለቱ ወገኖች ከግጭት እንዲቆጠቡ አሳሰበ" ሲል ራዲዮኑን ቀነስ ያደርጉና "አቶ ተመድ የጨዋ ልጅ ነው" ይላሉ። "ያሳስባል፣ ይመክራል። ሰሚ ነው ያጣ።" ኢጋድ ደግሞ የእህቱ ልጅ ነው፤ ወጣት ስለሆነ አጎቱ ያለውን ይደግማል። "ተመድ ልዑክ ላከ" ከተባለ አቶ ተመድ ታሟል ማለት ነው፤ ደህና ቢሆን ኖሮ ራሱ ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና መንገዱን ተሻግሬ "አያ፣ ተመድ እኮ ሰው አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለማለት ፊደሉን አሳጥረውት ነው" አልኳቸው።

አያ ደጅይጥኑ በሐዘኔታ አዩኝ። "ድርጅት ያዝናል?"

"አያዝንም።"

"ታዲያ ትናንት 'ተመድ የተሰማውን ሐዘን ገለጸ' ሲል የት ነበርህ?"

ሰዉ ሳቀ። በእሳቸው አይደለም፤ በእኔ ነው የሳቀው። ከአምደወርቅ እህል ጭኖ የሚመጣው፣ ገበያው የሚባለው ነጋዴ እንኳ፣ ተመድ ሆቴል ይሁን ሆስፒታል የማያውቀው ሰውዬ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ መሰረት ራት ስታቀርብልኝ "አቶ ተመድ ዛሬ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች። እኔ በሠራሁት ቀልድ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ወደ ከተማው ያመጣቸው ዲፕሎማሲ አይደለም፤ ክስ ነው። ፃግብጂ ውስጥ ሀይሉ ከሚባል ጎረቤታቸው ጋር በአንድ የእርሻ ድንበር ይካሰሳሉ። ክሱ በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ፣ ደርግ መሬቱን ሲያከፋፍል ተቋርጦ፣ ደርግ ሲወድቅ እንደ አዲስ የተቀሰቀሰ ነው። ስም ያወጣላቸው ሰው ዕጣቸውን ሳያውቅ አልቀረም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጅ ሲጠኑ ኖረዋል። እግራቸው ሲዝል ጊዜ ፍርድ ቤቱ እንዳይርቃቸው ብለው ሰቆጣ ካለችው ልጃቸው ከውባንቺ ዘንድ ገቡ።

ሀይሉ ግን ለየቀጠሮው ከፃግብጂ በእግሩ ይመጣል። የሚያድረው ማን ቤት መሰላችሁ? አያ ደጅይጥኑ ቤት! "ሌላ ቤት ቢያድር ከዳኛው ጋር ይመካከርብኛል" ይላሉ። ጠዋት ድንጋይዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውባንቺ የጋገረችውን ዳቦ ለሁለት ይቆርሳሉ፤ ከዚያ አብረው ሄደው ዳኛ ፊት "ሌባ" እና "ቀጣፊ" ይባባላሉ፤ ሲመለሱ የተረፈውን ዳቦ ይጨርሳሉ። መንገደኛ "ይኸ ማን ነው?" ብሎ ከጠየቃቸው፣ ልጁ ሐኪም እንደሆነለት አባት ደረታቸውን ነፍተው "ባላጋራዬ ነው" ይላሉ።

እኔን ያህል የሚከራከራቸው ሰው አልነበረም። ሆኖም እኔ "አንተ ባለሱቅ" ነኝ፤ ሀይሉ "ባላጋራዬ"። ሀይሉን ባየሁት ቁጥር ለምን ደሜ እንደሚፈላ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከኤርትራ መንግሥት ጋር ጦርነቱ ፈነዳ። ድንጋይዋ ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። በዚያው ሰሞን የእድራችን አባል ምንይሉ አንድ ሐሳብ ይዞ ተነሣ፦ የወፍጮው ገብረ አማኑኤል ከእድር ይውጣ።

ገብረ አማኑኤል የተወለደው አስመራ አጠገብ ነው። በደርግ ጊዜ ወፍጮ ሊተክል መጥቶ፣ የሰቆጣዋን አገኘሁሽን አግብቶ እዚሁ ቀረ። አማርኛ ሲጀምር በትግርኛ ይጨርሳል፤ የአገሬውን ቋንቋ ኽምጣናውን ያስተማሩት አማቱ እማማ ዘመናይ ናቸው። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን በየትኛውም ቋንቋ አይናገርም፤ ወፍጮውን አስነሥቶ ዱቄቱን ብቻ ያያል። እማማ ዘመናይ ደግሞ ያን ሰሞን አልጋ ይዘዋል፤ የነፍስ አባታቸው አናዝዘዋቸው ወጥተዋል። የሚቀበሩት በአማቻቸው እድር ነው። እሱ ወጣ ማለት ለእሳቸው ጡሩንባ የሚነፋ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ቃሬዛ የሚይዝ የለም።

ንግግር አዘጋጀሁ። ያማረ ንግግር! መንግሥትና ሕዝብ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ዓለም አቀፍ ሕግ ምን እንደሚል ለመሰረት አነበነብኩላት። "ጥሩ ነው" አለች፤ እያዛጋች ነበር እንጂ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ቤት ጢም አለ። አያ ደጅይጥኑም ነበሩ፤ በማግስቱ ቀጠሮ ስለነበራቸው ሀይሉን አስከትለዋል። ገብረ አማኑኤል በሩ አጠገብ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

ምንይሉ ተነሣ። "ልጄ ተስፋው ግንባር ነው ያለው። የሚተኩሱበት የዚህ ሰውዬ አገር ሰዎች ናቸው። እኔ ከጠላቴ ጋር አንድ ድንኳን ሥር አልቀመጥም።" ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ ለመነሣት አንድ እግሬን አዘጋጀሁ።

"ቃሉን እናጥራ!" አሉ ክቡርነታቸው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጀምሩት። "ከነገሩ በፊት ቃሉን እናጥራ። ጠላት ምንድን ነው? ባላጋራስ ምንድን ነው? ሀይሉ፣ ተነሥ።"

ሀይሉ ዱላውን ተደግፎ ተነሣ።

"እኔና አንተ ምንድን ነን?"

"ባላጋራ ነና።"

"መሬቴን ገፍተኸኛል?"

"አልገፋሁህም። አንተ ነህ የገፋኸኝ።"

"ትዋሻለህ።"

"የምትዋሸው አንተ ነህ።"

"እናቴ የሞተች ቀን ቃሬዛዋን ከፊት የያዘው ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ።"

"ተቀመጥ።" ወደ ሰዉ ዞሩ። "ባላጋራ ይኸውላችሁ። ድንበር ይገፋሃል፤ ትከሰዋለህ፤ ስንዝር አትለቅለትም። ቀብርህን ግን አይከለክልህም። ቀብር የሚከለክል እሱ ጠላት ነው። ያ መንግሥት ድንበር ገፍቶናል፤ ባላጋራችን ነው፤ መረታት አለበት፤ አቶ ተመድም ይፍረድበት። ግን እኛ ዛሬ ቀብር ከከለከልን፣ እዚህ ቤት ውስጥ ጠላት የሚባለው ማን ሊሆን ነው?"

ሰዉ አጉረመረመ። መሰረት ከሴቶቹ መካከል ሆና በዓይኗ "ሰማህ?" አለችኝ። ያንኑ ነበር እኮ እኔም ልል የነበረው!

ምንይሉ ግን አልተቀመጠም። "አያ፣ የእርስዎ ባላጋራ የያዘው ዱላ ነው፤ መትረየስ አይደለም። ልጄ ላይ የሚተኮሰው ክስ ነው እንዴ?"

አያ ደጅይጥኑ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። መልስ ሲያጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ገብረ አማኑኤል ኮፍያውን እንደ ጨርቅ ሲጠመዝዝ አየሁትና በውስጤ "ተናገሩ እንጂ፣ እርስዎ ሰውዬ!" ማለት ጀመርኩ።

"ልክ ነህ፣ ምንይሉ" አሉ በመጨረሻ፣ በዝግታ። "ለተስፋው ፊቱ ያለው ጠላቱ ነው። 'ባላጋራህ ነው' ብዬ ብነግረው ይስቅብኛል። መድኃኔ ዓለም በደህና ይመልስልህ። እኔ የምልህ ስለ ዘመናይ ነው። ተስፋው ሲወለድ እትብቱን የቆረጠችው ማን ናት?"

ምንይሉ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ እጅ ሲያስወጡ ለመደገፍም ለመቃወምም እጁን አላነሣም። ገብረ አማኑኤል በእድሩ ቀረ።

እማማ ዘመናይ ሳምንቱ ሳይወጣ አረፉ። ጡሩንባው ተነፋ። ምንይሉ ፊቱን አጥቁሮ መጣ፤ ገብረ አማኑኤልን ሰላም አላለውም፤ ግን የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክሞ ተከለ። ጦርነቱ አልቆ ተስፋው እግሩን እየጎተተ እስኪመለስ ድረስም እህሉን ሌላ ወፍጮ ነበር የሚወስደው። ቤት ስንገባ መሰረትን "ያንኑ ሐሳብ ነው እኔም ያዘጋጀሁት" አልኳት። "አዎ" አለች፤ "አንተ ግን ሀይሉ የለህም።" ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሀይሉ ሞተ። አያ ደጅይጥኑ በበቅሎ ፃግብጂ ሄደው ቀበሩት። የሀይሉ ልጆች አንዱ ጅዳ፣ አንዷ ቤሩት ናቸው፤ ለአንድ ቁራጭ እርሻ ብሎ የሚሟገት ጠፋ፤ ዳኛውም ለአያ ደጅይጥኑ ፈረዱ። ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ከሱቄ ሆኜ አየኋቸው። "ረታሁ" አላሉም። ድንጋይዋ ላይ ተቀመጡ፤ ዳቦውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው እንደ ልማዳቸው ለሁለት ቆረሱት፤ ግማሹን ዘርግተው የሚቀበላቸው ስላልነበረ መልሰው ጋቢያቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጡም።

የተመኘሁት ሁሉ ደረሰልኝ። ሰዉ ወደ እኔ ራዲዮ መጣ፤ "ቀንሰው" የሚለኝ ጠፋ። ዜናውን ይሰሙና ስኳራቸውን ገዝተው ይሄዳሉ። "ተመድ ድርጅት ነው" ብላቸው "እሺ" ይሉኛል። "እሺ" እንደዚህ የሚያስጠላ ቃል መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ጠንካራ ጠንካራውን የራዲዮ ድንጋይ መርጬ ውባንቺ ቤት ሄድኩ። "አይበሉም፣ አይናገሩም" አለችኝ በሩ ላይ። "ራዲዮኗንም ከዚያ ወዲህ አልነኳት።" ክቡርነታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

"አያ" አልኳቸው፣ "ተመድ ሰው አይደለም።"

ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ሳቡ።

"ሰው ቢሆን ኖሮ ሀይሉ ሲሞት የተሰማውን ሐዘን ይገልጽ ነበር።"

ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብለው ዞሩ። "በምን ሰምቶ?" አሉ። "ፃግብጂ ራዲዮ ጣቢያ አለ? መርዶ ነጋሪ ልከህበታል?"

"ድርጅት ነው።"

"ሰው ነው!"

"ድርጅት!"

"ትዋሻለህ!"

"የሚዋሹት እርስዎ ነዎት!"

ውባንቺ "በሞትኩት!" ብላ ሮጣ ገባች። አያ ደጅይጥኑ ግን ተነሥተው ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ያቺን ራዲዮ አምጫት" አሏት፤ "ዳቦም ካለ።" ድንጋዩን ከእጄ ተቀብለው አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት፤ ዳቦው ሲመጣ ለሁለት ቆረሱት፤ ግማሹን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ብሞት ትመጣለህ?" አሉኝ።

"ቃሬዛውን ከፊት እይዛለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ድንጋያቸው ላይ ተገኙ። ሰዉም ከእኔ ደፍ እየተነሣ ወደ እሳቸው ተሻገረ፤ አንድ እንኳ የቀረልኝ የለም። ከጽጽቃ የመጣ አንድ መንገደኛ ወደ ሱቄ እያመለከተ "ያ ራዲዮ የሚያስጮኸው ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቃቸው ሰማሁ። ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ እጄ ቆመ።

አያ ደጅይጥኑ ደረታቸውን ነፉ። "ባላጋራዬ ነው" አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሊከራከራቸው ሲጠጋ ካየሁ ሱቄን ክፍት ትቼ መንገዱን እሻገራለሁ። የሀይሉን ቦታ ለማንም አልሰጥም።