ክቡርነታቸው ጣፊያ የላቸውም

በየትኛውም መሥሪያ ቤት በሽታውን እንደ ሹመት ይዞ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። አንዱ ኩላሊቱን ይዞ ይመጣል፣ ሌላዋ ወገቧን። ስለ አየሩ ቢነሳ ወገቧ፣ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ቢነሳ ወገቧ፣ ሰላም ቢሏትም ወገቧ ነው የሚመልሰው። የእኛ ማተሚያ ቤት ግን በዚህ ረገድ ማንም አይደርስበትም። ሌላው ሰው የሚኮራው ባለው አካል ነው፣ የእኛው ሰው በሌላቸው።

ክቡር የግምጃ ቤት ኃላፊያችን ጣፊያ የላቸውም። ይህን ለማወቅ ከእሳቸው ጋር መወዳጀት አያስፈልግም፣ ወረቀት መፈለግ ብቻ ይበቃል። እኔ የዛሬ አስራ አንድ ዓመት አራሚ ሆኜ በተቀጠርኩ ማግስት ቀይ እስክሪብቶ ልጠይቅ ወደ መስኮታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አዲስ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ካሁኑ እወቂው። እኔ ጣፊያ የለኝም።»

ከግምጃ ቤቱ ያለቀ ዕቃ መስሎኝ «መቼ ይመጣል?» አልኳቸው። እስክሪብቶውን ለማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከመምጣቴ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከተደረደሩት የወረቀት ጥቅሎች አንዱ ተንከባሎ ግራ ጎናቸውን ይመታቸዋል። ጣፊያ ከግራ የጎድን አጥንት ሥር ተሸሽጋ የምትኖር፣ ደም ያዘለች፣ ጡጫ የምታህል ነገር ናት፣ ከፈነዳች ደሟ አይቆምም። ሐኪሞቹ አውጥተው ጣሏት። እሳቸው ግን «ጣሏት» የሚል ቃል አይወጣቸውም። «ለድርጅቱ ተሰዋች» ነው የሚሉት፣ ቆም ብለው፣ የህሊና ጸሎት የሚጠብቁ እስኪመስል ድረስ።

አንድ እሽግ ወረቀት ከክቡርነታቸው ለማውጣት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ የተፈረመ ማዘዣና ትዕግሥት። ማዘዣውን ይቀበሉና ገልብጠው ያስቀምጡታል።

«ሰውነት ማለት ትልቅ መሥሪያ ቤት ነው» ብለው ይጀምራሉ። «ቅጥሩ የሚፈጸመው መቅኔ ውስጥ ነው፣ አጥንትሽ ውስጥ። ነጩ የደም ሕዋስ እዚያ ይወለዳል። ቢ ሴል የሚባለው እዚያው ያድጋል። ቲ ሴል ግን ትምህርት ቤት ይላካል።»

እዚህ ላይ «የት ነው ትምህርት ቤቱ?» ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ካልጠየቁ ወረቀቱ አይወጣም።

«ቲመስ። እዚህ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ። ከመቶ ተማሪ ቢመረቅ ሦስቱ ነው። ጠላት ማየት የተሳነው ይባረራል። የገዛ ወገኑን የሚመታም ይባረራል፣ ያውም ወዲያው።»

እኛን ሠራተኞቹን በዚህ ፈተና ቢፈትኑን ማን ማን እንደሚያልፍ አንድ ቀን በልቤ ቆጥሬ፣ ዘበኛውና ውሻው ብቻ ቀሩልኝ።

«ተመራቂዎቹ በየቅርንጫፉ ይመደባሉ። አንገት ሥር፣ ብብት ሥር፣ ብሽሽት ላይ ያሉት ዕጢዎች ቅርንጫፍ ቢሮዎች ናቸው። ጉሮሮሽን ሲያምሽ አንገትሽ ሥር ንፍፊት የሚወጣው ቢሮው ሥራ ስለበዛበት ነው። ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሐል ያንን ጠላት ለይቶ የሚያውቅ አንድ ይገኛል። ራሱን በሺህ ያባዛል። ገሚሱ ይዋጋል፣ ገሚሱ ፀረ እንግዳ አካል እያመረተ በደም ይልካል። ሲያልቅ አብዛኛው ይሰናበትና ጥቂቱ ትውስታውን ይዞ ይቀራል። ያው ጠላት ሲመለስ ያን ጊዜ ታያለሽ፣ ትኩሳት እንኳ ሳይሰማሽ ተጠራርጎ ይወጣል። ክትባት ማለት ይኸው ነው፣ ሳይታመሙ ማስታወስ።»

«ጣፊያስ ጋሼ?» (ይኸኛውም ጥያቄ ግዴታ ነው።)

ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ጣፊያ የደሙ ፍተሻ ናት። በደም የሚያልፈው ሁሉ በእሷ በር ያልፋል። እኔ ዘንድ በሩም የለ፣ ዘበኛም የለ። ለሌላው ሰው ጉንፋን የሆነ ነገር ለእኔ ቀብር ነው። ትኩሳት የመጣብኝ ቀን ሰዓት እንጂ ቀን የለኝም። ይህን የማያውቅ ሰው ነው የሚስቀው።»

እኛ እያወቅን እንስቅ ነበር። ምክንያቱም ክቡርነታቸው ይህን እውነት የማያስገቡበት ቦታ የለም። ሐኪማቸው ጣፊያ እንደሌላቸውና ትኩሳት ከያዛቸው ባስቸኳይ መታከም እንዳለባቸው የሚገልጽ በላስቲክ የተሸፈነ ካርድ ሰጥቷቸዋል። ካርዱ የተሰጠው ለክፉ ቀን ነው። እሳቸው ግን ዳቦ ቤት ያወጡታል፣ ጫማ ሊያሰፉ ሄደው ያወጡታል፣ የእህታቸው ልጅ ስትመረቅ ካርዱን ከፍ አድርገው ፊት ወንበር ተቀምጠዋል። «ጣፊያ የሌለው ሰው የሰው ትንፋሽ እየማገ ወረፋ አይቆምም» ይላሉ፣ ሕዝቡም እንደ ውኃ ይከፈልላቸዋል።

አውቶቡስ ውስጥ ያሳለ ሰው በሚቀጥለው ፌርማታ ቢወርድ ይሻለዋል። የዘበኛው ውሻ፣ ጥርስ እንኳ በቅጡ ያልቀረው ሽማግሌ ውሻ፣ በእሳቸው ማመልከቻ ሰባት ዓመት ታስሯል። «አንተን ቢነክስህ ቁስል ነው፣ እኔን ቢነክሰኝ ሬሳ ነኝ» ብለው ዘበኛውን አሳመኑት፤ በኋላ ሐኪም ጠይቄ እውነታቸውን መሆኑን ሳውቅ በጣም ነው የተናደድኩት። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ካስነጠሰ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ግምገማ ላይ ሁላችንም በብርዱ ታመምን፣ ከእሳቸው በቀር።

በዚያው ግምገማ የሰው ኃይል ኃላፊው ስለ አንጋፋ ሠራተኞች ጠቀሜታ ሲናገር እጃቸውን አወጡ። «ቲመስ» አሉ፣ «ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ወደ ስብ ይለወጣል። ቦታውን ግን አይለቅም።» ሰውየው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ያን ቀን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

በሌሎቹ ቀናት ግን አንገሸገሹኝ። አንድ ቀን ለአስቸኳይ ሥራ አንድ እሽግ ወረቀት ፈልጌ ከመቅኔ እስከ ብሽሽት ድረስ ካዞሩኝ በኋላ፣ ከወረቀት ቆራጯ ጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ የድርጅቱ አርማ ባለበት ወረቀት ላይ ማስታወቂያ አዘጋጀሁ። «ጉዳዩ፦ ጣፊያን ስለማሳረፍ። ከዛሬ ጀምሮ በሥራ ሰዓት የሟቿን ጣፊያ ስም ማንሳት የተከለከለ መሆኑን እየገለጽን፣ የሚያነሳ ሠራተኛ ጡረታ እንዲወጣ የምናደርግ መሆኑን እናስታውቃለን። ጉበት፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ።» ከፊርማው ላይ የቆርኪ ማኅተም መታንበት። ጠዋት ሰሌዳው ላይ ለጠፍነውና ሠራተኛው ሁሉ በየበሩ ሆኖ ሳቁን አፍኖ ጠበቀ።

ክቡርነታቸው መጡ። አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አነበቡ።

«አንድም የፊደል ስህተት የለበትም» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ከዚያ ወደ ግምጃ ቤታቸው ገቡ።

በዚህ ቤት ስህተት የሌለበት ጽሑፍ የሚያወጣ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ቢሆንም አልኩ ለራሴ፣ ነገ ይረሱታል።

አልረሱትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ጣፊያ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማዘዣ ይሰጣቸዋል፣ ወረቀት ይሰጣሉ፣ በቃ። ሰው ሲያስነጥስ ዝም። መጀመሪያ ላይ በድላችን ተኩራራን። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ቆራጯ «ሰውዬው ግን ደህና ናቸው?» አለችኝ። እኔም ከመስኮታቸው ወረቀቴን በአንድ ደቂቃ ይዤ ስመለስ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለኝ ጀመር፣ ግን ኩራቴ አላስጠይቅ አለኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ፣ ረፋድ ላይ ሻይ ልጠጣ ወደ ክበብ ስገባ እግሬ በር ላይ ተተከለ። ክቡርነታቸው ወረፋ ይዘዋል። ከፊታቸው አምስት ሰው አለ፣ ከኋላቸው አንድ የሚያስል የማሽን ሠራተኛ አለ፣ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረፋ ሲይዙ አይቻቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ምነው ተሰለፉ?»

«እንደ ሰው ነዋ።»

እጃቸውን ያዝኩ። እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት። ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነው። ሻይ ሲገባበት ይተወኛል።»

«መድኃኒቱንስ? ለትኩሳት ቀን የተሰጠዎትን?»

«መሳቢያ ውስጥ ነው።» ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። «ሰው ፊት ልውጠው? ደግሞ ጀመረው ልትሉ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ስንት ዓመት በየመስኮቱ በየስብሰባው የለፈፉት ሰውዬ፣ የለፈፉለት ቀን ሲመጣ ዝም አሉ፣ ዝም ያስባልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ሮጬ መድኃኒቱን አመጣሁ፣ አፋቸው ውስጥ ጨመርኩ፣ ወረቀት ቆራጯ የማከፋፈያውን መኪና ሾፌር ከነሻዩ ጎትታ አመጣችው፣ በተጫነው ጋዜጣ ላይ አስተኝተን ሆስፒታል ወሰድናቸው።

ሆስፒታሉ በሰው ተሞልቷል። የድንገተኛ ክፍል መዝጋቢዋ ቀና ሳትል «ወረፋ ያዙ» አለች። እኔም ካርዱን ከኪሳቸው አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና አፌን ከፈትኩ። አስራ አንድ ዓመት በግድ የሰማሁት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«እኚህ ሰው ጣፊያ የላቸውም። ትኩሳት አላቸው። ደማቸውን የሚያጣራ በር የለም፣ ተህዋሲው ደም ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ይገድላቸዋል፣ ምርመራው እስኪደርስ ሳይጠበቅ መድኃኒቱ በደም ሥር አሁን መሰጠት አለበት። ሕዋሱ መቅኔ ውስጥ ይወለዳል፣ ከዚያ ቲመስ ይሄድና...»

«ቲመሱን ተዪው» አሉ ክቡርነታቸው ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ጊዜ የለንም።»

ሐኪሟ መጣች፣ ካርዱን አየች፣ አልጋውን ራሷ እየገፋች አስገባቻቸው። ከሰዓት በኋላ ወጥታ «ደም ውስጥ ገብቶ ነበር» አለችኝ። «እስከ ማታ ቤታቸው ቢቆዩ ኖሮ አናተርፋቸውም ነበር። ልጃቸው ነሽ?»

«አራሚ ነኝ» አልኳት። ከዚህ የተሻለ መልስ አልመጣልኝም፣ ምክንያቱም እያለቀስኩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትራስ ተደግፈው ቁጭ ማለት ሲችሉ ልጠይቃቸው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ያንን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «ጉበት ማኅተም የለውም» አሉ። «እኔን ያናደደኝ እሱ ነው። ስህተት ነው።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ ጀመሩ። ውሻው እንደታሰረ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፣ ወረቀት ለማውጣት አርባ ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር «የት ነው ትምህርት ቤቱ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ የሙቀት መለኪያ ገዝቼ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ክቡርነታቸው በየጠዋቱ ወደ ግምጃ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ጠረጴዛዬ ጋ መጥተው ብብታቸው ሥር ያደርጉታል፣ ቁጥሩን አነብላቸዋለሁ፣ ይሄዳሉ። ወረቀት ቆራጯ በዚህ ምክንያት «ተጠባባቂ ጣፊያ» የሚል ስም አውጥታልኛለች፣ አሁን ማሽን ክፍል ውስጥ በሌላ ስም የሚጠራኝ የለም።

ትናንት መለኪያው ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት አለ። እጄ ላይ ያለው ጽሑፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ማሽን መውረድ ነበረበት።

«ደረጃ ወጥቼ ነው» አሉኝ።

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

አስር ደቂቃ አስቀምጬ ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። ለማንኛውም ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ አስገባሁት። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ልጄ፣ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«የለኝም» አልኳቸው።