የሰፊው ሕዝብ ፓምፕ

አብዮቱ በፈነዳ በዘጠነኛው ዓመት፣ በናዝሬት ከተማ የተቋቋመው የፈጠራ ሥራ መርማሪ ኮሚቴ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን ማመልከቻ በታላቅ አብዮታዊ ስሜት ተቀበለ። ኮሚቴው ሰባት አባላት፣ ሁለት ማኅተምና ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁም ሣጥን ነበረው። የጎደለው ፈጣሪ ብቻ ነበር፤ እሱም በያጁ ደገፋ ሆኖ ተገኘ።

ደገፋ ከአሮጌ ብስክሌት በፔዳል የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሠርቷል። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ ዘመን በዓለም ጤና ከተማ አቅራቢያ ያለ አንድ ገበሬ የሽንኩርት ማሳውን በእግሩ ብቻ አጠጣበት። ደገፋ የፈለገው «ይህን የፈለሰፈው ደገፋ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይሥራው» የሚል አንድ ወረቀት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥቶበታል፤ ሌላ ሰው ቢነጥቀው አይችለውም።

ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደአማኑኤል ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«'የእኔ ፈጠራ' ይላል።»

«አዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ብስክሌቱን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም፤ ገዝቼ ነው።»

«ውሃውንስ?»

ደገፋ ውሃውንም እንዳልፈጠረ አመነ።

«ታዲያ የአንተ የሆነው ምኑ ነው?»

«ሐሳቡ።»

«ሐሳብ ብቻውን ውሃ ይስባል?»

አባላቱ አጨበጨቡ። ደገፋ ግን ችኮ ነውና ሌላ ጥያቄ ጨመረ።

«በውጭ አገርስ ላስመዘግበው እችላለሁ?»

«በወዳጅ አገር ነው በጠላት?»

«በሁለቱም ቢሆን...»

«ከወዳጅ የሚደበቅ ነገር የለንም፤ ማስመዝገብ ወዳጅን መጠርጠር ነው። ለጠላት መንገር ደግሞ ምስጢር ማውጣት ነው።»

እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መልስ የዓለም የፈጠራ መብት ቢሮ ያለበት ጄኔቭ ድረስ ቢኬድም አይገኝም። ደገፋ በሐሙሱ የውይይት ክበብ ግለ ሂስ አደረገ፤ «የእኔ» የምትለዋ ቃል የንዑስ ከበርቴ ቅሪት መሆኗን አብራርቶ ተቀመጠ። ፓምፑ በሰፊው ሕዝብ ስም ተመዘገበ፤ ንድፉም ተባዝቶ ለየገበሬ ማኅበሩ ታደለ። በወሩ ሞጆም ሁሩታም ሠሩት፤ ብረት ያጣ በአልጋ ሽቦ፣ ሰንሰለት ያጣ በገመድ። በየስብሰባው «የሰፊው ሕዝብ ክንድ ያፈለቀው ፓምፕ» እየተባለ ሲጨበጨብ ደገፋም አብሮ አጨበጨበ።

«ስሜን አንዴ እንኳ አላነሱም» አላት ሚስቱን ፀዳለን።

«እሰይ በል» አለችው።

ከዚያ ከበላይ አካል አንድ እንግዳ መጡ። ኮሚቴው ራሱ ያሠራው ፓምፕ ላይ፣ ለፎቶግራፍ ብለው፣ ከነሙሉ ዩኒፎርማቸው ወጡ። ሦስተኛው ዙር ላይ ገመዱ ተበጠሰና ጓድ እንግዳ የሽንኩርት ቦይ ውስጥ በግንባራቸው ተደፉ። ማንም አልሳቀም፤ የዚያ ቀኑ ጽናት በአካባቢው ከታዩት ሁሉ የላቀ ነበር።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ስለ ባለቤትነት የተነሣው ውስብስብ ጥያቄ በአራት ደቂቃ፣ በሙሉ ድምፅ ተፈታ።

በማግስቱ ደገፋ ብየዳ ቤቱ ውስጥ እንዳለ ወረቀቱ ደረሰው፤ ሁለቱም ማኅተሞች አርፈውበታል። «ይህን ፓምፕ ከሐሳቡ ጀምሮ፣ ማንም ሳይረዳው፣ ብቻውን የፈለሰፈው ደገፋ ወዬሳ መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል። ቃል በቃል አነበበው። ከለመነውም በላይ አሳምረው ጽፈውለታል። ከግርጌው፦ «ግልባጭ፦ ለአሻጥር ምርመራ ክፍል»።

ወረቀቱን ያመጡት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በር ላይ ቆመው ነበር።

«አንብበህ ጨረስክ?» አለው አንደኛው። «ጃኬትህን ያዝ።»