በሙሉ ድምፅ የታጨችው ልጅ

በደርግ ጊዜ ስብሰባ የተቀመጣችሁ ሁሉ ምስክሮቼ ናችሁ፤ ያኔ ከአፋችን ይልቅ እጃችን ነበር የሚናገረው። ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ» ሲል ክንዳችን ከጆሯችን ቀድሞ ይነሣል። አንዳንዱማ ከእንቅልፉ ባንኖ እጁን ካወጣ በኋላ ነው ጎረቤቱን «ስለ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው። በሰው አልስቅም፤ እኔም ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል።

ሽንፋ በምትባል የቆላ መንደር አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ የሰሊጡ ነዶ ታስሮ በየማሳው በቆመበት ሰሞን፣ የገበሬ ማኅበሩ «ለወጣቶቹ የጋብቻ ሕግ አስተምርልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረምሶቹንና ልጃገረዶቹን ሰብስቤ፣ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና፣ ጠለፋ ወንጀል እንጂ ጀግንነት እንዳልሆነ፣ ልጅቱ አቀርቅራ ዝም ስላለች ተስማማች እንደማይባል፣ በፍርሃት የወጣ እሺም እሺ እንዳልሆነ አፌ እስኪደርቅ ነገርኳቸው። ሲያበቃ «ማንም ሰው መገደድ የለበትም በሚለው የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አልኩ።

ጥሩነሽ ብቻ አላወጣችም። የጋሼ ሙላት ልጅ ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ነገር ሳታላምጥ አትውጥም። ምናልባት ገና እያሰበች ነበር። እኔ ግን ቃለ ጉባኤዬ እንዳይበላሽ ብዬ «አውጪ እንጂ!» ስል አፈጠጥኩባት። አወጣች። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ማስገደድ ክፉ መሆኑን አስገድጄ አሳመንኳት ማለት ነው።

በሳምንቱ ጋሼ ሙላት ለሠርግ ሊጠሩኝ መጡ። ጥሩነሽን ሳንጃ ከተማ ለሚኖር ሰው ሊድሯት ነው። ደነገጥኩ።

«ለመሆኑ ልጅቱን ጠይቀዋታል?»

«ምነው መምህር፣ አንተው ለልጆቹ እንዳስተማርኸው ነው የሠራሁት» አሉኝ ቅር ብሏቸው። «ዝምታዋን አልተቀበልሁም። ቤተ ዘመዱን ሰብስቤ የምትደግፉ እጅ አውጡ አልሁ። እሷም አወጣች። በሙሉ ድምፅ አለፈ።»

ተንኮል የለባቸውም። ከእኔ የተማሩትን ነው የነገሩኝ።

ማሳው ድረስ ሄጄ ጥሩነሽን ሸራ ላይ ሰሊጥ ስታራግፍ አገኘኋት።

«ሰውየውን ትፈልጊዋለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ታዲያ እጅሽን ለምን አወጣሽ?»

ማራገፏን አላቆመችም። «አባየ አፈጠጡብኛ። ያን ቀን እርስዎም አፍጥጠውብኝ ነው ያወጣሁ። ያኛው ከተቆጠረ ይሄ ለምን አይቆጠርም ብየ ነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ነዶዋን አስቀምጣ አብራኝ መጣችና ለማኅበሩ ሸንጎ አቤት አለች።

የጋሼ ሙላት መከላከያ አጭር ነበር፤ በዘመድ ፊት እጇን አውጥታለች። እኔ ተነሥቼ በፍርሃት የወጣ እጅ እንደማይቆጠር፣ እኔ ራሴ አፍጥጬ እንዳስወጣኋት፣ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤም ሐሰት እንደሆነ ተናገርኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሰው ሁሉ መዳፉን ማየት ጀመረ። በፍርሃት የወጣ እጅ ካልተቆጠረማ የማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ምን ሊተርፍ ነው? ይህ ከሁላችን ቀድሞ የገባው ሊቀመንበር፣ ነገሩን ቶሎ ሊዘጋው ወደ ልጅቱ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ተይውና በአፍሽ ተናገሪ።»

«አላገባውም» አለች። ሠርጉ ቀረ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብተወው ጀግና ሆኜ ባለፍኩ። ግን በማግስቱ ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ፤ ቤታችንን በገዛ ፈቃዳችን አፍርሰን ወደ አዲሱ የሰፈራ መንደር እንድንገባ የተዘጋጀ ውሳኔ ተነበበ። «የምትደግፉ» አለ ሊቀመንበሩ። እጁ ሁሉ ወጣ። የእኔም ወጣ። ዘወር ስል ጥሩነሽ ከኋላዬ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ። የሊቀመንበሩ ዓይን ረድፉን እየቆጠረ ወደ እኛ እየመጣ ነው። እጄን እንዳነሣሁ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄድኩና ከፊቷ ቆሜ ከዓይኑ ጋረድኳት።