የመምህርት ዘቢደር ግድግዳ

መምህርት ዘቢደር በስድስት ዓመቷ ሞታ ነበር ማለት ይቻላል። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ለሰፈራ ከመጡት ልጆች አንዷ ናት። አሶሳ አካባቢ በደረሱ በወሩ ወባ ጣላት። የሰፈራ ጣቢያው ድሬሰር፣ ሐኪማችን የምንለው፣ አይቷት ራሱን ነቀነቀና ከረድፉ መጨረሻ፣ ተስፋ ከተቆረጠባቸው ጋር አስተኛት። በዚያ የምታልፍ አንዲት የበርታ ሴት የማሽላ አጥሚት ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ዘቢደር እንዲያ ያለ ጥቁር እጅ በሕይወቷ አይታ አታውቅም ነበርና ፈርታ አፏን ገጠመች። ሴትየዋም አፍንጫዋን ያዘቻት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው አፉን ይከፍታል። በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ተነሥታ ቆመች። ከዚያ ወዲህ አፏን ዘግታ የዋለችበትን ጊዜ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

በየከተማው፣ ከተማው ሁሉ ክፍሏ የሚመስላት አንዲት መምህርት አለች። ደወል ተደውሎ ልጆች ወደ ቤት ሲሄዱ ትምህርቱ ያለቀ የሚመስለው እሷን የማያውቅ ሰው ነው። ለእሷ የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ መዋዕለ ሕፃናት የገባና ገና ያልገባ። እኔ በሰባ አንድ ዓመቴ ከሁለተኞቹ ነኝ።

የእኛዋ ክብርት መምህርት ዘቢደር ናት፤ የአሶሳ ሕፃናት አሳዳጊ፣ የአዋቂዎቿ ተቆጣጣሪ፣ የባጃጅ ተሳፋሪዎች ክፍል ኃላፊ። አንድ ቀን ልቅሶ ቤት ገብታ የተቀመጥነውን ሽማግሌዎች አየችና፣ «አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ!» አለች። ተነሥተን ተስተካከልን። አንድ ባለሥልጣን በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አድርጎ ሲቀመጥ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «አሁን ማን ይደግምልኛል?» አለች። እጁን ያወጣ አልነበረም። ባለሥልጣኑም አላወጣም።

ሌላውን ትምህርት ብትረሳ እንኳ አንዱን አትረሳም፤ የሰውን መልክ ጉዳይ። እዚህ ከተማ ከወሎ የመጣው፣ ከጎጃም የወረደው፣ በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ከጾሬ መጠለያ ለገበያ ብቅ የሚለው ስደተኛ፣ ሁሉም በአንድ ባጃጅ ይሳፈራል። ምላሳችን ግን ከባጃጁም ይጠብባል። አንድ ቀን አብረን ተሳፍረን ሳለ ሦስተኛው ተሳፋሪ ስለ ሰሞኑ ሠርግ ያወራል።

«ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ ግን ጠቆር ትላለች» አለ።

«ግንን አውጣና እንደገና በል» አለች ዘቢደር።

«ምን አልሽኝ?»

«ማን ይደግምልኛል?»

ሰውዬው እኔን አየኝ፤ እኔ ውጭ ውጭውን አየሁ። «እሺ... ሙሽራዋ ቆንጆ ናት፤ ጠቆር ትላለች።»

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!»

አጨበጨብን። ሾፌሩም መሪውን ለቆ አጨበጨበ። በሕይወት የተረፍነው የመንገድ ዳሩ ቦይ ጥልቅ ስላልነበረ ነው።

ባለሱቁ ሰራዊት ፊት የሚያቀላ ቅባት ያመጣ ጊዜም ሄዳ ብልቃጡን ገለባበጠችው። «ይኼ ጥቁረቱን ያነሣዋል አይደል?» «አዎ እትዬ፣ በሁለት ሳምንት።» «አንሥቶስ የት ያስቀምጠዋል?» ሰራዊት መልሱን እስከ ዛሬ እየፈለገ ነው። እስኪያገኘው ድረስ ቅባቱን ከሳሙናው ኋላ ደብቆታል።

በእኔ የደረሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

እኔ አርባ ዓመት ቀለም ቀቢ ነኝ። ፊደል ሳላውቅ ታፔላ ጽፌያለሁ፤ የፊደሉን ቅርጽ እያየሁ እንደ ሥዕል እገለብጠው ነበር። ማንበብ የቻልኩት በሃምሳ ዓመቴ ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ራሴ የጻፍኳቸውን ታፔላዎች እየዞርኩ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። እንዲህ ያለ ሰው በቀለም ጉዳይ የሚመክረውን አይወድም።

አምና ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ዘቢደር ለሥልጠና ባምባሲ ሄዳ ሳለ፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን ግድግዳ ቀባሁ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩ ስምንት ልጆች ሣልኩ። በየከተማው እንደሚሣለው ነው የሣልኩት፤ ሁሉም ቀላ ያሉ፣ ጉንጫቸው የበሰለ ማንጎ የመሰለ። ስሜንም ከሥሩ ጻፍኩበት።

ትምህርት በተከፈተ ቀን ልጆቹ ሮጠው ግድግዳውን ከበቡት። «ይቺ እኔ ነኝ!» «ይኼ እኔ ነኝ!» የበርታው ባጃጅ ነጂ የዓብዱልባሲጥ ልጅ ሐዋ አምስት ዓመቷ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሄደች፤ ተመለሰች። ምንውየለት የሚባል የክፍሏ ልጅ ሊረዳት ፈልጎ አብሯት ዞረ። ከዚያ፣ «አንቺ እኮ የለሽም» አላት። ክፋት አልነበረበትም። ፈልጎ ያጣ ሰው የሚለውን ነው ያለው።

በማግስቱ ሐዋ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን አባቷ ብቻውን መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«መምህርት፣ ልጅ እምቢ አለ» አላት፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ከረሜላ ሰጠሁ፣ እምቢ። ተቆጣሁ፣ እምቢ። ‹እኔ እዚያ ትምህርት ቤት የለሁም› ይላል። ወላሂ፣ ስሙን መዝገብ ላይ በዓይኔ አየሁ፤ አለ! እሱ ግን የለሁም ይላል።»

ዘቢደር ወደ ግድግዳው ዞረች። ዝም አለች። ያ ቀን ነው እንግዲህ። ዓብዱልባሲጥ ሄዶ፣ ልጆቹ ተሰልፈው፣ ደወሉ ተደውሎ፣ እሷ ዝም እንዳለች ነበር አሉ። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ።

«ጋሽ ካሣዬ፣ እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?»

«የማንም አይደሉም፤ ሥዕል ናቸው።»

«ልክ ነዎት፣ የማንም አይደሉም። የእኔን ልጆች ይሣሉልኝ።»

«መምህርት፣ እኔ አርባ ዓመት በዚህ ሥራ—»

«አርባ ዓመት የለመደ እጅ አራት ቀን አያቅተውም። ምን አልኩ? ማን ይደግምልኛል?»

ደገምኩ። ምን ላድርግ?

ዓብዱልባሲጥ ልጁን፣ «ከባጃጁ ሳትወርጂ ታያለሽ፤ ከዚያ ኸላስ፣ እንመለሳለን» ብሎ በቋንቋቸው አባብሎ አመጣት። እኔም በኩራት ጥቁሩን ጣሳ ከፈትኩና ግድግዳው ላይ ከተሣሉት አንዷን እንዳለ ከጣሳው ቀባኋት። ሐዋ አየች። ወረደች። ቀስ ብላ መጥታ ክንዷን ከሥዕሉ ጎን አደረገች።

«ይኼ ጎማ ነው» አለች።

ሃያ ሁለት ልጆች ሳቁብኝ። ዓብዱልባሲጥ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አቃተው፤ እሱ መቼም ጎማ ያውቃል።

«ጋሽ ካሣዬ፣ እጅዎን ይታጠቡና እንደገና!» አለች ክብርት መምህርት።

አምስት ጣሳ ከፍቼ መደባለቅ ጀመርኩ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር። በቆርቆሮ ክዳን እየለወስኩ ለሐዋ አሳያታለሁ። «ይኼስ?» «አይደለም።» ትንሽ ቀይ። «ይኼስ?» «አይደለም።» ጠብታ ሰማያዊ። «አሁን አባዬን ሆነ» አለች። አባቷ ክንዱን አስጠግቶ አየና፣ «እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ። ቢጫ ጨመርኩ። በሰባተኛው ላይ ክዳኑንና ክንዷን ስታስተያይ ቆየች።

«መጣሁ» አለች። ያን ዕለት ባጃጁ ባዶውን ተመለሰ።

ሌሎቹ ክንዳቸውን ሰብስበው ተሰለፉ። በቤቷ «ቀዪት» የሚሏት እየሩስ በቀጥታ ወደ ቀዩ ጣሳ ሄዳ ክንዷን አስጠጋችና፣ «እኔ ቲማቲም አይደለሁም!» ብላ አለቀሰች። ለእሷም ከጥቁሩ ጨመርኩላት፤ አላመነችኝም፤ ዓይኗ እያየ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አራት ቀን ሙሉ ሃያ ሁለት ልጅ ስቀምም ቀለሙ ከአምስቱም ጣሳ ያልተቀዳ ልጅ አልነበረም፤ ልዩነቱ በመጠኑ ነበር። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ከጣሳዎቹ ጋር ኖሬ ሳላየው መቅረቴን ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ለእናንተ ከመናገሬ በቀር። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ሁለቱ ልጆች በር ላይ ተሣሉ። በሩ ሲከፈት ከሁሉ ቀድመው ክፍል ይገባሉ።

ዘንድሮ አዲስ ልጆች ተመዘገቡና ዘቢደር ደወለችልኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳት። መሰላል መውጣት እንዳቆምኩ ነገርኳት። ሽማግሌ ማዘዝ ነውር መሆኑንም ነገርኳት። ይህን ሁሉ የተናገርኩት የዓብዱልባሲጥ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ አምስቱን ጣሳ በእግሬ መሐል ይዤ፣ ወደ እሷ እየሄድኩ ነበር።

ሥራ ስንጨርስ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ብሩሽ ስታጥብልኝ ጠየቅኋት። «ይኸን ሁሉ ዓመት ስታስተምሪ፣ ለአንቺ ትልቁ ነገር የቱ ነው?» የሐዋ መመለስ እንደምትለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ብሩሹን አራገፈችና እንዲህ አለችኝ፦

«ሐዋ ስትመለስ አልቅሻለሁ፤ አልዋሽዎትም። ትልቁ ግን እሱ አይደለም። ያኔ የተረፈውን ቀለም በክዳን ክዳን አድርጌ ‹ጓደኛችሁን ሣሉ› አልኳቸው። ምንውየለት ሐዋን መረጠ። የምሳ ደወል ተደወለ፤ ሁሉም ወጡ፤ እሱ ቀረ። ክንዷን ይዞ ያያል፣ ይደባልቃል፣ ደግሞ ያያል። እሷም ምሳዋን ትታ ቆማለታለች። ‹ምንውዬ፣ ሂድና ብላ እንጂ› ስለው ቀና እንኳ አላለልኝም። ‹ቆይ ቲቸር› አለኝ፣ ‹ገና እያየኋት ነው።›»